ሃያ በመቶዬ

ጥቅምት 6 ቀን 2011
ኬንያዊው እንግዳ ዛሬ ወጣ። አንሶላ ቀየርኩ፣ ሻወሩን ፈተግኩ። ማታ ደግሞ ሌላ ይገባል... የቡልቡላው ቤት ሥራ ከጀመረ ሦስት ወሩ፤ ባዶ ያደረበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል።

ቤቱ የእንቁ ነው፣ የቸርች እህቴ። እንግዳ የምቀበለው፣ የማጸዳው፣ በእንግሊዝኛ የምጻጻፈው እኔ። ሃያ በመቶ የኔ ተባብለናል። ብሩ ግን እንግዶች ቤቱን በሚይዙበት የስልክ አፕ በኩል ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሟ፣ ለሉቃስ ነው የሚገባው። ለእኔ እስካሁን ሰባራ ሳንቲም የለም። ውል? የለም። ጸልየን ነዋ የጀመርነው! ከአሜን በኋላ እንፈራረም ይባላል እንዴ?

ጥቅምት 11
ከአምልኮ በኋላ እንቁን ለብቻዋ አገኘኋት። ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።
"ሉቃስ ደህና ነው?"
"ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነው።"
"ገንዘብ... ማለቴ ሥራ እንዴት ነው?"
"ይመስገን።" አቀፈችኝ። "ፌኒዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር! ጌታ ዘመንሽን ይባርክ።"
አሜን አልኩ። አሜን! ደደብ።

ጥቅምት 17
አከራዬ ወይዘሮ ሙሉአለም በጠዋት በሬን ቆረቆሩ። "ሁለት ወር አለፈሽ እኮ ልጄ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልሽ ሌላ ተከራይ አለኝ።"
እንዲህ ነው መጠየቅ። ቀናሁባቸው።

ጥቅምት 18
ለእንቁ ቴክስት ላክኩ። "ሶፍትና ሳሙና አልቋል። እኔም በዚህ ወር ትንሽ ጠቦኛል።" ይገባታል ብዬ።
መልሷ፦ "አይዞሽ፣ በጸሎት አስብሻለሁ።"
ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ጥቅምት 20
ቡልቡላ ውሃ ጠፋ። ስድስት ጀሪካን፣ አራተኛ ፎቅ። የተሸካሚውን ከኪሴ።

ጥቅምት 24
ብሎኩ ሥር አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ። ኦቦ ገመዳ ይባላሉ፤ ድሮ እዚሁ ቡልቡላ ያርሱ ነበር። እሳቸውም ኮንዶሚኒየማቸውን ለእንግዳ ማከራየት ፈልገዋል። ችግር የለም አባባ፣ እንጀምራለን አልኩ።
"ቆይ እንጂ። ድርሻሽ ስንት ነው?"
"እሱ... እንስማማለን።"
"መቼ? ከተጣላን በኋላ?"
ወረቀት አመጡ። ሁለት ጎረቤት ለምስክርነት ጠሩ። "እንግዳ በገባ ቀን ሃያ በመቶ ድርሻዋ ይከፈላል" ብለው ራሴን አስጻፉኝ።
"ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል አባባ?"
"ያንን ፎቅ አየሽው? ማሳዬ ነበር። ለዘመዴ በቃል ነው የሰጠሁት። ዛሬ ለልጄም ቢሆን አስፈርማለሁ።"
ፈረምኩ። አፈርኩም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 26
እንቁ ደወለች። "ፌኒዬ፣ ነገ ሁለት እንግዳ አለ።"
"እንቁ፣ የሦስት ወር ድርሻዬ ሃያ አንድ ሺህ ብር ደርሷል። ሳይከፈለኝ ቤቱን አልከፍትም።"
በቃ፣ ተጣላን አልኩ።
"ውይ በኢየሱስ ስም! ሉቃስ የሚልክልሽ መስሎኝ እኮ! ለምን አልነገርሽኝም?"
እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም። ብሩ ግን አስር ደቂቃ ሳይሞላ ገባ። አስር ደቂቃ! እኔ ሦስት ወር ተቃጥዬ...
ለምን አልነገርሽኝም? ስንቴ ነገርኳት! ነገርኳት ወይስ... አንድም ቀን "ክፈይኝ" ብያት አላውቅም። ከእሷ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ።
ነገ እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ወረቀት ይዤ እንቁ ቤት እሄዳለሁ። ታኩርፍ።