የእትዬ ወርቂቱ ላንድሮቨር የግራ በር

ቀን፦ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከተማ ገጽታና የአደባባይ ጽሑፍ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር አቶ ሠረቀብርሃን፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ዲላ

ጉዳዩ፦ በኤግዚቢትነት የተወሰደ የመኪና በር እንዲመለስልኝ፣ የታሸገብኝ ቤኪንግ ሶዳ እንዲፈታልኝና ያልጻፍኩት ጽሑፍ ከስሜ ላይ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከዲላ ወደ ጪጩ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ባለችው ጋራዤ የባትላሜራና የመኪና ቀለም ሥራ እየሠራሁ ቤተሰቤን የማስተዳድር ሰው ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ከተማ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ግን ስኳር ከመመዘን ላሜራ መምታት ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የተከሰስኩት በመዶሻ ጩኸት ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን በፖለቲካ ተከሰስኩ፤ ያውም በቤኪንግ ሶዳ! ጉዱን ከሥር መሠረቱ እንዲያውቁት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ወይዘሮ ወርቂቱ የሚባሉ የጪጩ ነዋሪ የሟች ባለቤታቸውን የአቶ ገሪማን አሮጌ ላንድሮቨር እንዳድስላቸው ሰጡኝ። አቶ ገሪማ በወጣትነታቸው በዚችው መኪና የወባ መድኃኒት ረጪዎችን ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ ያመላልሱ ነበር። እትዬ ወርቂቱንም ያገኟቸው ቤታቸውን ሊያስረጩ መጥተው ነው። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስትዞር፣ የመጣው ሁሉ የየራሱን ቀለም ሲቀባት ኖራ፣ በመጨረሻ ለሐራጅ ስትወጣ አቶ ገሪማ ገዟት። አሁን እሳቸው የሉም። የእትዬ ወርቂቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ መኪናዋ መጀመሪያ ደጃቸው የቆመች ዕለት የነበራትን ቀለም ትቀባልኝ ነው የሚሉት። ዓይናቸውን ግላኮማ ይዞታል፤ ሐኪሙም የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። «ነስሩ፣ ዓይኔ ሳይዘጋ እንደዚያ ቀን አድርገህ አቁምልኝ» ነው ያሉኝ። ቀለሙ ምን ነበር ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አረንጓዴ ነው፤ የምን አረንጓዴ እንደሆነ ግን አፌ አይለውም፤ ሳየው አውቀዋለሁ» አሉኝ። ቤታቸው የተሰቀለው የመኪናዋ ፎቶግራፍ እንዳይመሰክር ጥቁርና ነጭ ነው።

2. የመኪናዋ የሞተር ኮፈንና የጎማ ፓራፋንጎዎች ከሌላ መኪና ተፈትተው የተገጠሙ ናቸው። ከፋብሪካ ከወጣችበት ዘመን የቀረው የግራ በሯ ብቻ ነው፤ የድሮው አረንጓዴ ካለም ያለው እዚያ በር ላይ፣ ከቀለሞች ሁሉ ሥር ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገው ወይም በአሸዋ ብነፋው ሁሉም ባንድነት ተፍቆ ይሄዳል። በዚያ ላይ የላንድሮቨር በር ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ አሸዋ ይበላዋል፣ እሳት ያጣምመዋል። ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳ በኮምፕሬሰር አየር እየነፋሁ ቀለሙን ማንሣት ጀመርኩ። ሶዳ ገር ነው። ላሜራውን አይነካም፤ ረጋ ብለው ከያዙት ደግሞ ሽንኩርት እንደመላጥ ነው፣ ቀለሙን አንድ በአንድ ያነሣል። ነጩ ብናኝ ሲቦን ያዩ የሰፈር ሴቶች «ነስሩ ዳቦ ቤት ከፈተ» ብለው ሳቁብኝ፤ አንዷማ ሰሐን ይዛ መጣች። ይህ ምንም አይደለም፤ ሳቅ ማንንም አይጎዳም።

3. የላይኛው ነጭ ቀለም ሲነሣ ከሥሩ ቀይ ወጣ። በቀዩ ላይ በወፍራም ብሩሽ «ሁሉም ለምርት ዘመቻ ይሰለፍ!» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ጽሑፉ በዕድሜ እኔን ይበልጣል ብል አልዋሸሁም። በዚያው ሰዓት የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ አቶ እስክንድር በደጄ ሲያልፉ አዩት። ማን ጻፈው አሉኝ፤ አላውቅም፣ አሁን ነው የወጣው አልኳቸው። ከየት ወጣ አሉኝ፤ ከቀለሙ ሥር አልኳቸው። ይህ መልሴ እሳቸው በጻፉት ቃለ ጉባኤ ላይ «ምንጩን ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ ሰፍሮ አገኘሁት። ያለፈው ሥርዓት ናፋቂ ተብዬ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ጽሑፉንም በአስቸኳይ እንዳጠፋ ታዘዝኩ።

4. ትእዛዝ አክባሪ ነኝ፣ አጠፋሁት። ምን ያደርጋል! ከቀዩ ሥር ቢጫ ቀለም፣ በቢጫው ላይ ደግሞ ዘውድ የጫነ አንበሳ ብቅ አለ። በማግስቱ አቶ እስክንድር ማጥፋቴን ሊያረጋግጡ ሲመጡ ከአንበሳው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። «ትናንት በዚያ አስጠነቀቅንህ፣ ዛሬ ደግሞ ወደዚህኛው ዞርክ?» ብለው ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይፍረዱኝ። አንዱ አንዱን የገለበጠ የሁለት መንግሥታት ናፋቂ በሁለት ቀን ውስጥ ሆንኩ። እኔን በዚያ ሰዓት የናፈቀኝ ምሳዬ ብቻ ነበር።

ደንግጬ አንበሳውንም ላንሣው ብዬ በማጠፊያው በኩል ስነፋ፣ የጥፍር ያህል ቦታ ላይ አረንጓዴ ወጣ። የምንፈልገው እሱን ነበር! ወዲያው ለእትዬ ወርቂቱ ልጅ ለገነት ደወልኩና እናትሽን ይዘሽ ነይ አልኳት። አቶ እስክንድር ግን «ከዚህ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም» ብለው ኮምፕሬሰሩን አስጠፉ። በሩ ኤግዚቢት ነው ተብሎ በባጃጅ ተጫነ። ሶዳዬም በከረጢቱ ላይ ስሙ በጉልህ ተጽፎ እያለ «ምንነቱ ያልታወቀ ነጭ ዱቄት» ተብሎ ታሸገ።

5. እትዬ ወርቂቱ ከጪጩ ሲደርሱ በሩ የለም። እጃቸውን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ወሰድኳቸው። ጥበቃው ኤግዚቢት በእጅ አይነካም አለን። «በዓይንስ?» አሉት። ለዓይንም ደብዳቤ ያስፈልጋል አላቸው። ደብዳቤው እስኪጻፍ በግቢው ውስጥ ሌላ ነገር ተከሰተ። በሩ ወደ መንገድ ዞሮ ስለቆመ ተማሪዎች የጽሕፈት ቤቱን ሰሌዳና አንበሳውን አንድ ላይ አድርገው ፎቶ ይነሡ ጀመር። ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ምስሉ በአስቸኳይ ይሸፈን ተባለ፤ ከአጥሩ የተረፈ ክሬም ቀለም ከላይ እስከ ታች ተለቀለቀበት። የጥፍር ያህሏ አረንጓዴም አብራ ተሸፈነች።

ደብዳቤያችንን ይዘን ስንመለስ እትዬ ወርቂቱ ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸው ቀለሙን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ፈለጉ። «ወዴት ጋ ነበር፣ ነስሩ?» አሉኝ። በማጠፊያው በኩል ያለውን ክሬም በጣቴ አሳየኋቸው። ይህን የምጽፈው የጽሕፈት ቤቱን አንጀት ለመብላት አይደለም፤ እኔው ራሴ አዝኜ ስለሆነ ነው።

6. ባለፈው ሰኞ ይህን አቤቱታ የት እንደማስገባ ልጠይቅ መጣሁ። ግቢ ስገባ «ቅሬታ ማቅረቢያ» የሚል ጽሑፍና ቀስት አየሁ። ተመስገን፣ ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት ነው ብዬ ቀስቱን ተከተልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ጠረጠርኩና ዞር ብዬ ሳየው ምልክቱ እጀታ አለው። በሩ ነው! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። የተወሰደብኝ በር ተወስዶብኛል ብዬ የት እንደምከስ መንገድ ያሳየኛል። ቀስቱ ያመለከተው ክፍል ደግሞ ተቆልፎ ነበር።

ስለሆነም ክቡርነትዎ፦

ሀ. በሩ እንዲመለስልኝ እንዲያዙልኝ እለምናለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ያለ ምልክት እንዳይቀር ከሌላ መኪና የተረፈ ላሜራ ቆርጬ፣ ጽሑፉንም አሳምሬ በነፃ አስረክባለሁ። ቀስቱን ሰው ወዳለበት ክፍል ማዞር ካስፈለገም እተባበራለሁ፤

ለ. ሶዳው እንዲፈታልኝ፣ ምርመራ ያስፈልገዋል ከተባለም ከከተማው አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ተጠርታ በጣቷ ቀምሳ እንድትመሰክር፤

ሐ. ያልጻፍኩት ጽሑፍ ከነማስጠንቀቂያዎቹ ከስሜ ላይ እንዲነሣልኝ፣ ሥራው ሲቀጥልም አንድ ተቆጣጣሪ አጠገቤ እንዲቀመጥልኝ። ክሬሙ ሲነሣ አንበሳው ተመልሶ መምጣቱ ስለማይቀር፣ እኔ እንዳልሣልኩት በዓይኑ አይቶ ይፈርምልኝ። ጭምብል እኔ እሰጠዋለሁ፤ ብናኙ ልብስ ያነጣል እንጂ አመለካከት አይለውጥም።

በመጨረሻም ኋላ አልተነገረኝም እንዳይሉ አንድ ነገር ከወዲሁ ላሳውቅዎ። ሶዳ ከላይ ያለውን ሳያነሣ ወደ ታች አይወርድም። ዛሬ ከሁሉም በላይ ያለው ደግሞ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ቀለም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለቀው የእናንተው ክሬም ከነቀስቱ ይሆናል። ይህም ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ እንዳያስጽፍብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከእናንተም ሆነ ከእናንተ በፊት በሩን ከቀቡት ጋር ጠብ የለኝም። ከሁላችሁም ሥር ያለችውን ቀለም አንዲት ሴት አንዴ ማየት ስለፈለጉ ነው። እኔና እርስዎ ብንቀጣጠር ጊዜ አናጣም፤ እሳቸው ግን ጊዜ የላቸውም።

ውሳኔዎን በጉጉት ከሚጠብቅ ባለጉዳይ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ነስሩ ሸምሱ
ባትላሜራና ቀለም ቀቢ

ግልባጭ፦
ለተቆጣጣሪ አቶ እስክንድር (እንዲያውቁት)
ለወይዘሮ ወርቂቱ (ባለፈው ሳምንት ቢሆን በራሳቸው ያነቡት ነበር፤ አሁን ልጃቸው ገነት ታነብላቸዋለች)