ያንቀላፉት ጫጩቶች

ጥር 6
ዛሬም ቤተ ሙከራ ውስጥ በቫይረስ የሞቱ አባጨጓሬዎች ስፈጭ ዋልኩ። እጄ ታጥቦም ታጥቦም ይሸታል።
ማታ አባዬ ደወለ። አዲሶቹ ጫጩቶች ደህና ናቸው። «እነዚህም ካለቁብኝ በቃኝ፣ የዶሮ ቤቱን እዘጋለሁ» አለ። አምና ያ አፍኖ የሚገድል በሽታ አንድም አላስቀረለት። ዘግቶስ ምን ሊሠራ? እማዬ ከሞተች ወዲህ የሚያወራው ከዶሮዎቹ ጋር ነው...

ጥር 9
አለቃዬ ቫይረሱን በጫጩት ላይ እንድንሞክር እሺ አለች። በሐሜት «እትዬ ጥንቃቄ» የምንላት። ሙከራው አባዬ ቤት ይሆናል። ግማሾቹ ጫጩቶች የአባጨጓሬውን ቫይረስ ይወጋሉ፣ ግማሾቹ ውሃ። እግራቸው ላይ ቀለበት፤ ቀይ ለቫይረሱ፣ ነጭ ለውሃው።
«ለአባትሽ የቱ የቱ እንደሆነ ትንፍሽ እንዳትይ። ያዳላል።»
እውነቷን ነው። ያዳላል።

ጥር 12
ወጋን። አባዬ አንድ በአንድ እየያዘልኝ። «የትል በሽታ ለዶሮ መድኃኒት? ጉድ ነው እቴ» ይላል።
ጉድ እኮ ነው። ቫይረሱ ዶሮ ውስጥ አይራባም። ሰውነቷ ግን ሌባ የገባ መስሎት ብድግ ይላል። ያኔ እውነተኛው ሌባ ቢመጣ ነቅቶ ያገኘዋል። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው እንጂ...
ቀይ ያሰሩት ትንሽ ያንቀላፉ ይሆናል። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳየው እሱ ነው። ይህንንም አልነገርኩትም። ብነግረው የቱ የቱ እንደሆነ ያውቃላ።

ጥር 13
በሽታው ጎረቤት ገብቷል። አባዬ በስልክ፣ «አይዞሽ፣ ዓይኔን ከነሱ ላይ አልነቅልም»። እኔን ያጽናናል ደግሞ።

ጥር 14
ምን ብዬ ልጻፍ?
በር ላይ ጠበቀኝ፣ ፊቱ ፈክቶ። «ደረስኩባቸው» አለኝ። ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ጥጉን ያንቀላፉትን ለቅሞ፣ አርዶ ቀብሯቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ያንቀላፋች ጫጩት ሌሎቹን ሳትበክል...
«ቀለበቱን ግን አልጣልኩብሽም። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው» ብሎ በሻይ ብርጭቆ ሰጠኝ። አጥቦታል። ሁሉም ቀይ።
«ጥሩ አደረግህ አባዬ» አልኩት።

ጥር 15
ለእትዬ ጥንቃቄ ነገርኳት። «ሠርቶ ነበር ማለት ነው» አለች።

ጥር 18
ነጭ ቀለበት ያሰሩት አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። አባዬ መሃላቸው ተቀምጦ ያወራቸዋል። እንደሚያልቁ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።

ጥር 22
የሞቱትን ልናወጣ ገባን። ከመኖው ሣጥን ጀርባ አንዲት ጫጩት ብቅ አለች። ቀይ ቀለበት። ያኔ ሲለቅም አላያትም ማለት ነው። በሬሳው መሃል እየዞረች መኖ ትለቅማለች፣ ምንም ያልነካት።
አባዬ ቆሞ አያት። እግሯን አየ። ከዚያ እኔን።
«ቀዩ ምን ነበር?»
«ውሃ» አልኩት።
«እሺ» አለ። ጫጩቷን ደረቱ ላይ እንዳስጠጋ የዶሮ ቤቱን በር ቆለፈና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ።