ጀርባችንን ለገደሉ ሰጥተን

ይድረስ በሳኦ ፓውሎ ፎቅ ላይ ብረት ሲያስር ለሚውለው ለወንድም ጋሼ ቫልዲር፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህን ማርሊን ሳሉ ለቀቃት? ትንሿ ታይናራስ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? እናታችን ደህና ናት፤ ፍየሎቹም ከድርቁ ጋር እየታገሉ ነው። እኔማ ደህና ብቻ አይደለሁም፤ በደስታ እየተጣደፍኩ ስለምጽፍልህ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረድብኝ።

ዶክተር ኦታቪዮ ከጦጣ ጥናት ቡድኑ እንዳባረረኝ ነግሬህ ነበር። ምክንያቱን ያልጻፍኩልህ አፍሬ ሳይሆን ተናድጄ ነው። አንድ የድንጋይ ኩባንያ ከቤታችን በላይ ያለውን ቀይ ገደል በድማሚት ለማፍረስ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ጦጣዎቹ የት እንደሚያድሩ ማጣራት የእኛ ሥራ ሆነ። እሱ "የሚያድሩት ወንዝ ዳር ዘንባባ ላይ ነው፤ ገደሉ ባዶ ነው" ብሎ ጻፈ። ለወንዙ መንጋ እውነት ነው። ዘንባባው ረጅም፣ ግንዱ ልሙጥ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነብር አይደፍረውም። በእኛ በኩል ግን ዛፉ ሁሉ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ አጥንቱ ሲቀር የት ይደበቁ? የገደሉ እርከን ላይ ነው የሚያድሩት፤ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ትኩስ የጦጣ ዓይነ ምድር አገኛለሁ። ይህን ብነግረው በሰው ፊት "አንቺ ልጅ፣ ተንጠልጣይ አልጋሽ ላይ ተጋድመሽ ያለምሽው ይሆናል" ብሎ አሳቀብኝ። በማግስቱ አሰናበተኝ።

ዝም የምል መስሎታል! ፈቃዱን የሚወስኑት ተቆጣጣሪ፣ ወይዘሮ ሶላንዤ፣ ከተማችን መግባታቸውን ስሰማ ሄጄ "መጥተው በዓይንዎ ይዩ" አልኳቸው። መጡ። ዶክተሩም መጣ፤ የመንደሩም ሰው ተከተለ። ሁሉም ገደሉ ሥር ቆሞ አንጋጠጠ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጦጣዎቹ ብቅ አሉ። አዩን። መሪያቸው አንዴ ጮኸና መንጋው በሙሉ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ። ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ "እንግዲህ ሕልሙ አለቀ፣ እንሂድ" አለ። ወይዘሮ ሶላንዤ ቦርሳቸውን አነሱ።

ያዳነችኝ የእናታችን ጅግራ ናት። እንቁላሏን የምትጥልበትን ለማግኘት እንዴት እንደምንሸውዳት ትዝ ይልሃል? ዓይናችንን ከጣልንባት ቀኑን ሙሉ ስትዞር ትውላለች እንጂ ጎጆዋ አትገባም፤ ጀርባ ሰጥተን ሌላ ሥራ የያዝን ስንመስላት ግን ሹልክ ትላለች። "ሁላችሁም ዙሩ" አልኩ፤ "ጀርባችሁን ለገደሉ ሰጥታችሁ ቁጭ በሉና የራሳችሁን ወሬ አውሩ።" ጎረቤታችን እትዬ ኔኔም ወዲያው ገባት። ያልተፈለፈለ አደንጓሬ ከቤቷ አምጥታ መሃላችን ዘረገፈችና ወይዘሮ ሶላንዤን "ነይ እህቴ፣ እጅሽ የሚያውቀው ቀለበት ብቻ ነው ወይስ መፈልፈልም ይችላል?" አለቻቸው። ሳቁና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ዶክተሩ እንደቆመ ቢቀር "አንተም ና፣ እዚህ ቁመት የሚለካ የለም" አለችው። ሳይወድ ተቀመጠ።

የማን ፍየል የማንን በቆሎ እንደበላች እየተጨቃጨቅን ስንፈለፍል፣ እኔ ትንሿን የፊት መስታወቴን በትከሻዬ በኩል ወደ ገደሉ አዞርኩ። መጡ! ተከታትለው ወጡ! መስታወቷን ቀስ ብዬ ለወይዘሮ ሶላንዤ አቀበልኳቸው። አደንጓሬው ከእጃቸው ወደቀ። ሕፃን ያዘሉት ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ጥግ ገቡ፤ ትልልቆቹ ወንዶች እንደ ዘበኛ ጠርዙ ላይ ተኮለኮሉ። "ቤታቸው ነው እኮ" አሉ ወይዘሮዋ በሹክሹክታ። ለካ ዶክተሩ አንድም ቀን ያላያቸው፣ ሁልጊዜ ከነአጀቡ እየመጣ ስለሚያፈጥባቸው ነው።

ገደሉ አይነካም! ፈቃዱን እንደማይፈርሙ ወይዘሮ ሶላንዤ እዚያው ነገሩን። ስንወርድ ዶክተሩ ጠጋ ብሎ "ስምሽን ከእኔ ስም ሥር እናስገባዋለን" አለኝ። "ከሥር የሚያደባው ነብር ነው፤ የእኔን እኔው በስሜ እጽፈዋለሁ" አልኩት። እትዬ ኔኔም እስካሁን ለሰው ሁሉ እያወራችው ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። አባታችን ካረፈ በኋላ በሩ አጠገብ ያለውን የተንጠልጣይ አልጋ ቦታ አልሰጥም ብለህ ስንጣላ፣ ነፋሱን ለብቻህ ልትወስደው ይመስለኝ ነበር። ጠርዙ ላይ የተኮለኮሉትን ሳይ ገባኝ።

እናታችን አንተንም ማርሊንም ትስማችኋለች፤ ወገብህን በትኩስ ጨው እሸው ብላሃለች። እትዬ ኔኔም ሰላም ብላለች፤ አደንጓሬው ስላለቀ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ ብላለች። ታይናራን ጉንጯን ሳሙልኝ፣ ስትተኛም ግድግዳው ጥግ አድርጓት። ለገና ስትመጡ ግን በሩ አጠገብ የማድረው እኔ ነኝ።

እህትህ ጁሲማራ
ከቀዩ ገደል ሥር፣ ፒያዊ
ኦክቶበር 14 ቀን 2019