የሽምብራ አሳ በዳቦ፣ ከቀሐ እስከ ሳንጃ

ኅዳር 20
ሥራ እንደ ሁልጊዜው። ጾም ስለገባ ምግብ ቤታችን ሞልቷል። ሚስቴ ብርቄ ጓዳ፣ እኔ በር ላይ። እሷ ትጠብሳለች፣ እኔ አስተናግዳለሁ... ማለቴ አወራለሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው የሽምብራ አሳ አዘዙ። ብርቄ የሽምብራውን ዱቄት አቡክታ እንደ ዓሣ ቀርጻ፣ ጠብሳ ወጥ ውስጥ ስትጥለው የጣና ዓሣ ራሱ ይቀናል። እስኪበሉ ስለ ዓለም ፖለቲካ አስረዳኋቸው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ይሄን ሁሉ ከየት አመጣው ሳይሉ አልቀሩም። አንዱ ሊነሳ ሲል ያዝኩት።
"ጋሼ፣ ክፍል አለኝ።"
"በሞቴ! አንድ ጨምር።"
"ጠግቤያለሁ ጋሼ..."
"አፈር ስሆን!"
በላ። እኔ ቤት ሳይለመን የሚወጣ የለም።

ታኅሣሥ 2
ልጆቹ አዲስ ነገር አመጡ። ዓሣውን በዳቦ አድርጉልን ይላሉ። ቆመው ይቀበላሉ፣ ይሮጣሉ። ምነው? ወንበር ጠፋ? ብርቄ ቃሪያና ሰናፍጭ ጨመረችበት። ሰልፉ አስፋልት ደረሰ! የእህቴ ልጅ እስከዳር ማኔጅመንት ተምራለች። "አጎቴ፣ ይሄ እኮ ፋስት ፉድ ነው" አለችኝ። የኔ መስተንግዶ ያመጣው ነው አልኳት። ሳቀች። ምኑ ያስቃል?

ጥር 14
ጥምቀት ሰፈራችንን ቀሐን አጥለቀለቀው፤ እኛንም። አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ አጠገብ ቤት ያለው አንዳርጋቸው ቀመሰ። ደገመ። "አያ አዳሙ፣ እኔም በስማችሁ ልክፈት?" እስከዳር ወረቀት ይዛ ከተፍ። ፍራንቻይዝ ይባላል አለች። ስሙ የኛ፣ አሠራሩ የኛ፣ ቤቱ የሱ። ከሚሸጠው ድርሻ አለን።
"አሠራሩ የኛ ከሆነ ልመናውም ይግባ!" አልኩ። "ሦስቴ በሞቴ ሳይባል የሚሸኝ ደንበኛ የለም።"
"አጎቴ፣ ፋስት ፉድ እኮ ማለት..."
"ባህል የሌለው ምግብ በስሜ አይሸጥም!"
ብርቄ ከጓዳ ብቅ አለች። "ተይው እስከዳርዬ፣ ሲደክመው ይተወዋል።"
አልደከመኝም።

የካቲት 19
አምባ ጊዮርጊስ ተከፈተ። አስተናጋጆቹን ራሴ ሄጄ አሠለጠንኩ። ሸጋ ልጆች። ያልኳቸውን ይሰማሉ።

የካቲት 23
በጣም ይሰማሉ... የደባርቅ አውቶቡስ ለምሳ ቆመ። ተሳፋሪው ዳቦውን ይዞ ሊሮጥ ሲል የኔ ሠልጣኞች በሩን ያዙ።
"በሞቴ፣ አንድ ይድገሙ!"
"ኧረ ማኪናው ሊሄድ ነው!"
"አፈር ስሆን!"
ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ነፋ... ሄደ። ግማሹ ሰው ቀረ። አንዲት ወይዘሮ በሁለት እጃቸው ዳቦ ይዘው ማኪናውን ሲያባርሩ ታዩ አሉ። ሻንጣቸው ደባርቅ ገብቷል።
አንዳርጋቸው ደወለ። "አያ አዳሙ፣ ምግባችሁ ሸጋ ነው። አፍዎን ግን እዚያው ጎንደር ያስቀምጡልኝ።" ይሄ ስድብ ነው ምስጋና?

መጋቢት 4
የሳንጃው ሰሊጥ ነጋዴ ህሩይም ሊከፍት ይፈልጋል። አንድ ግዴታ ግን አለው። አዳሙ እንዳይመጣ፤ ብርቄ መጥታ ታሠልጥን። እኔን! ይሄን ቤት በአፌ የገነባሁትን! "እኔ ካልሄድኩ አልፈርምም" ብዬ ጠረጴዛ መታሁ።
እስከዳር አልቻለችም። "አጎቴ፣ ልጆቹ በዳቦ አድርጉልን ያሉት ለምን ይመስልሃል? ከተቀመጡ ስለማትለቃቸው እኮ ነው!"
እንዴ... ፋስት ፉዱ የመጣው ከኔ ለማምለጥ ነው?
ብርቄን አየኋት። ዘይት የፈነጠቀበት ክንዷን ታሻሻለች።
"የዳቦው ነገር ይቅር" አለች። "እኔ ሳንጃ መሄድ እፈልጋለሁ። ከዚህ መጥበሻ ፊት ተነስቼ ሰው ማስተማር እፈልጋለሁ። አንተ ካልፈረምክ እዚሁ ጢስ ውስጥ ልቀር ነው፣ አዳሙ።"
ስንት ዓመት ስንኖር እንዲህ ብላ አታውቅም። ወይስ ስትል... እኔ እያወራሁ ነበር?

መጋቢት 5
ፈረምኩ። አኩርፌ ነው የፈረምኩት፤ ይታወቅልኝ።

መጋቢት 19
ብርቄ ሳንጃ ስትከርም መጥበሻው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። የኔ ዓሣ ዓሣ አይመስልም። ልጆቹ "ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምን እንስሳ ነው?" ይሉኛል። መልስ መስጠት አልችል፤ ዘይቱ ይፈነጥቃል።
ዛሬ ቀትር ላይ ተመለሰች። ወጥ ሠርቼ አቀረብኩላት። አንድ ጎርሳ ወሬዋን ጀመረች። የሳንጃ ሙቀት... ልጆቹ "አሠልጣኛችን" ሲሏት... አንዱን ሰነፍ እንዴት እንደተቆጣችው... ህሩይ ራሱ ሽርጥ ታጥቆ ከልጆቹ ጋር ሲያቦካ... ድምፅዋ ተዘግቷል፣ እሷ ግን አትዘጋም። የኔን ዓሣ ነገር ላነሳላት አፌን ከፈትኩ።
"ቆይ አዳሙ፣ ልጨርስ።"
ዘጋሁት። ቀጠለች። እጇ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ። እንጀራው ላይ ወጡ ሲረጋ እያየሁ ጠበቅኋት።
ለካ ሰው ሲያወራብህ ምግብ ይቀዘቅዛል። ምነው አንድ ደንበኛ እንኳ ሳይነግረኝ ቀረ?
...መቼ አስተነፈስኳቸውና።