ያላነሣሁት ሲሊንደር

ወረታ፣ ነሐሴ 1981 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ማረው፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል። አንተን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ስላላወቅሁ በእማ ልጀምር። መርዶህ ከመጣ ወዲህ ዘግታው የነበረውን ምግብ ቤት ከፍታለች። የምትሠራው ግን በኩበት ነው። የክረምት ኩበት ጭሱን ታውቀዋለህ፤ ሽሮውን ስታማስል ዓይኗን ጨፍና ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ጭሱን ካልተውሽ ዓይንሽን ትተይዋለሽ» ብሏታል።

መንገድ ሠሪዎቹ ሰፈራቸውን ሲነቅሉ የገዛህላት ቡታጋዝ፣ አንተ ያመጣኸው ጋዝ ካለቀ ጀምሮ ባዶውን ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሙሉ ሲሊንደር ላምጣልሽ ባልኋት ቁጥር «አይሆንም» ትላለች። ለምን እንደሆነ እናውቃለን።

የአምናውን ግንቦት አልረሳውም። ሙሉውን ሲሊንደር የጫነልህ መኪና ቀበሌው ፊት ለፊት ቆመ። ረዳቱ «ለሁለት እንያዘው» ቢልህ «ተወው፣ የእናቴ ነው» ብለህ ሲሊንደሩን በአንድ ጊዜ ትከሻህ ላይ አወጣኸው። ሽንኩርት ሻጯ እማዋይሽ እልል አለችልህ። አብዮት ጠባቂው ገሰሰ ጠመንጃውን ተደግፎ፣ «እንዲህ ያለ ትከሻ እያለ ቀበሌያችን ዘማች አጣ ይባላል?» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ አንተም ሳቅህ። እኔ ደግሞ ደብተሬን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ከኋላህ እከተልህ ነበር። በሳምንቱ ስምህ ለዘመቻ ተጠራ።

እኔን ግን ጓሮ ወስደህ ያስተማርኸኝ ሌላ ነበር። «አንተ እንዳትሸከመው፤ አዘንብለህ በእግሩ አስኪደው» ብለኸኝ ነበር። ለምን አንተ ራስህ እንደዚያ አላደረግህም ብዬ ስንቴ ተናድጄብሃለሁ። ሞተህም ተናድጄብሃለሁ። ከዚያ ደግሞ ያን ጊዜ እንዴት እንዳማረብህ ትዝ ይለኛል፤ ንዴቱ ይጠፋና ሌላው ይመጣል።

በመጨረሻ ለእማ «ከመሬት አላነሣውም» ብዬ በሚካኤል ማልሁላት። ባዶውን ሹፌሩ ታከለ ወደ ባሕር ዳር ይዞልን ሄደ፤ ሙሉውን ይዞ ተመለሰ። የሚያግዘኝ ሰው አልነበረም። እኩዮችህ ዘመቻውን ፈርተው ወደ ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል ዘመድ ዘመዳቸው ጋ ሸሽተዋል። አህያ እንዳልለምን፣ ሲሊንደር በጎኑ አይጋደምም ብለኸኛል።

ታከለ አሮጌ ጎማ ላይ አወረደልኝ። መዝጊያው መጥበቁን ዳሰስሁ፤ ክዳኑን አሰርሁ። ወደ ደረቴ ጥቂት አዘንብዬ በታችኛው ክብ ጠርዙ ላይ እያሽከረከርሁ አስኬድሁት። ጭቃ ሲያጋጥመኝ አቆመዋለሁ፤ ከቤት ያመጣሁትን ሳንቃ አነጥፋለሁ፤ እንደገና እሄዳለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሲያዳልጠው ልይዘው አልሞከርሁም፤ እግሬን ሰብስቤ ለቀቅሁት። «ከወደቀ ይውደቅ፤ እግርህ ካንተ ጋር ይቅር» ያልኸኝን ሰምቻለሁ።

እማዋይሽ አየችኝ። «ምነው አዛናው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈኸዋል! እሹሩሩ በለው እንጂ» አለች። ገበያተኛው ዘወር ዘወር አለ። አንዱ «የማረው ወንድም ነው እኮ» ሲል ሰማሁት። ከስድቡ ሁሉ ያቺ ቃል ባሰችብኝ።

ገሰሰ ከቀበሌው በር ጠራኝ።

«ና እስቲ። ዕድሜህ ስንት ሆነ?»

«አሥራ ስድስት ነው፣ ጋሼ።»

«ቁመትህ አሥራ ስድስት አይመስልም። በል አንሣው።»

ጎንበስ ብዬ አቀፍሁት። ማረው፣ ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ትንሽ ብስበው ከመሬት ለቀቀ። የጣት ውፍረት ያህል። እንደሚወጣልኝ አወቅሁ። ትከሻዬ ራሱ ና ና ይለዋል። እዚያ ገበያ መሃል እንዳንተ ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀስ ብዬ መለስሁትና «አልቻልሁም፣ ጋሼ» አልሁት።

ገሰሰ ትኩር ብሎ እጄን አየ። ከዚያ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ «ይሄ እንኳን ጠመንጃ የናቱንም ማማሰያ አያነሣም! ሂድ ወዲያ» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሳንቃዬን በእጁ አስተካከለልኝ። አውቆብኝ ይሁን አይሁን እስካሁን አልገባኝም።

እቤት ደርሼ መስኮቱን ከፈትሁ። ሲሊንደሩን ገጥሜ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀባሁት፤ አረፋው አልተነፋም፤ ጋዙ አያፈስም። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተቀጣጠለ። እማ ድስቷን ጣደችና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ።

«ቅድም ሰዉ በምን ነበር የሚስቅ?»

«በኔ። ማንሣት አቃተው ብለው ነው።»

«ገሰሰም ሳቀ?»

«እሱ ነው ያሳቃቸው።»

ማማሰያዋን አስቀመጠች። ወደኔ ዞራ ራሴን በሁለት እጇ ያዘች።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ዕድሜ ልክህን ይሳቁብህ።»

ሰው እንዲህ ተብሎ ሲመረቅ ሰምቼ አላውቅም። አሜን አልሁ።

ይህም ሲያልቅ ሌላውን እንደዚሁ እያሽከረከርሁ አመጣላታለሁ። አንተ ዕረፍ፣ ወንድምዓለም።

የተሳቀበት ወንድምህ፣
አዛናው