አከራዬ በሩን ነቅሎ ስለ መሄዱ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ አኮፋ፤

ሰላምታዬ ከባሕሩ ነፋስ ቀድሞ ግቢሽ ይግባ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ሽንኩርቱን ስትኮተኩቺ አሁንም ይይዝሻል? የጋሼ ሴንዮ ዓይን ተሻለው ወይ? መረቡን በዳበሳ ነው የሚጠግነው ብለው ቢነግሩኝ አዘንኩ። ልጆቹስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? ባሕሩስ ዘንድሮ አጥራችሁን ነካው ወይስ ራራላችሁ? እኔና ኤዲናም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ በቁመት ልትበልጠኝ ምንም አልቀራት፤ በምላስ ግን ከበለጠችኝ ቆየች።

የላክሽልኝን ደብዳቤ የዓሣ መኪናው ሾፌር በእጄ ሰጥቶኛል። «ቤትሽን እላይሽ ላይ ካፈረሱብሽ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጅሽን ይዘሽ ወደ አገርሽ ነይ» ያልሽውን ሳነብ ሆድ ባሰኝ። ወሬው አንቺ ዘንድ የደረሰው በመንገድ ላይ አብጦ ነው መሰለኝ፤ ቤቱ አልፈረሰም፣ የተነቀለው በሩ ብቻ ነው። መልስ ሳልጽፍልሽ የቆየሁትም መጨረሻውን ሳላውቅ ላስጨንቅሽ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ስላለቀ ከሥሩ ላጫውትሽ፤ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

የድሮው አከራዬ ኦፓኒን ዳንሶ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ነግሬሻለሁ። ክፍሉን ሲያከራዩኝ ከግቢው ጥግ የዳቦ ምድጃ ልሥራ ብዬ ስለምናቸው፣ «ሥሪ፣ ብቻ የቅዳሜ የመጀመሪያው ዳቦ የእኔ ነው» ብለው ፈቀዱልኝ። ጭቃውን ሳቦካም ወንበራቸውን አውጥተው ሲያሾፉብኝ ዋሉ። ወረቀት የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። እሳቸው ወረቀት የሚፈርሙት ሆስፒታል ሲገቡ ብቻ ነበር። እኔም ብሆን ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ፊርማ ምን ያደርግልኛል ብዬ ዓመታት ኖርሁ። ያ ምድጃ ነው ልጄን ያሳደገው፣ ላንቺም ጨርቅ የላከው።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌው አረፉ። እዚህ አሻንቲዎቹ ዘንድ ደግሞ ቤት ለልጅ ሳይሆን ለእህት ልጅ እንደሚተላለፍ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቤቱ የወደቀው ያው አዳይ በሚባል በእህታቸው ልጅ እጅ ነው። ሰውዬው በጋራዦቹ ሰፈር ያገለገሉ የሞተር ዕቃዎች የሚሸጥ፣ ሲሄድ የሚቸኩል፣ ሲቆምም የሚቸኩል ሰው ነው። እናቱ ማሜ ሴሪዋ የሟቹ እህት ናቸው፤ እሳቸው በመንገድ ሲያልፉ ሰፈሩ ተነሥቶ ነው የሚያሳልፋቸው።

ለልቅሶው እኔም እንደ አቅሜ ስኳር ዳቦ ጋግሬ በትልቅ ቅርጫት፣ ለስላሳ መጠጥም ጨምሬ እዝን ይዤ ሄድኩ። እነሱ ልቅሶ ላይ የመጣውን ነገር በዝምታ አይቀበሉም። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው አለ፤ ማን እንዳመጣ፣ ለማን እንዳመጣ እየጠራ ለሕዝቡ ያሰማል። የእኔንም ጠራ። ልቅሶው ሲያበቃ ደግሞ ወራሹ ከሽማግሌዎቹ ጋር በየቤቱ እየዞረ፣ የሰጠውን ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦ ያመሰግናል። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ስሙ አይነሣ። ያውና እናቱ እኔም ዘንድ ሲመጡ ሊጥ እያሸሁ ነበርና ዱቄቱ እስከ ክርኔ ደርሶ ነበር። ክንዴን ልስጥህ ስለው እንቢ ብሎ እጄን ጨበጠኝ፣ ጥቁር ልብሱም በዱቄት ነጣ። ማሜ ሴሪዋ በዚያ ሐዘናቸው ውስጥ ሆነው ሳቁ።

ሐዘኑ ሳይበርድ ያው አዳይ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ግቢውን በእርምጃው ለካና ምድጃዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከመንገዱ ጎን ሱቆች ሊሠራ አስቧል። «አጎቴ የሰጠሽ ቃል ከአጎቴ ጋር ተቀብሯል፤ እኔ አላውቅሽም። እስከ ወሩ መጨረሻ ምድጃሽን አፍርሰሽ ውጪ» አለኝ። ኪራዬ የተከፈለ ነው፣ ጊዜ ስጠኝ፣ እንነጋገር ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እኔም ንቅንቅ አልልም አልኩ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት አንቺ ታውቂያለሽ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ክፍሌ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ያው አዳይ ሠራተኛ ይዞ መጥቶ በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ በጋሪ ወስዶታል። ዕቃዬን አልነካም፤ በሩን ብቻ። ተከራይ ማስወጣት ያቃተው አከራይ እዚህ አገር እንዲህ ያደርጋል፤ አንዳንዱማ የጣራውን ቆርቆሮ ያነሣል። መጀመሪያ ተናደድሁ፣ ከዚያ ኤዲናም «እማዬ፣ ዝናብ ከመጣ ገላችንን እዚሁ እንታጠባለን» ስትል ሳቄ መጣ። ጎረቤቴ ፉሴይኒ፣ ያ ከሰሜን የመጣው ልብስ ሰፊ፣ ባለ ትልልቅ ወፍ መጋረጃ ሰፍቶ ሰቀለልኝ። «አይዞሽ፣ በር የሌለው ቤት ሌባ አይደፍረውም። ሌላው ቀድሞኛል ብሎ ያልፋል» እያለም አጽናናኝ። ሌባውስ አልመጣም፤ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ግን ቤተኛ ሆነ።

ፉሴይኒ ነው ወደ ቤት ኪራይ ጉዳይ ቢሮ ሂጂ ብሎ የጎተጎተኝ። እኔ መጻተኛ ነኝ፣ በሰው አገር ከባለቤት ጋር ምን ብዬ እከራከራለሁ ብዬ ነበር። ቢሮው ቀጠሮ ሰጠንና በቀኑ ያው አዳይ የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጎ፣ እናቱንም ይዞ መጣ። እሳቸውን ያመጣቸው እንዲያስከብሩት ነው። እኔ መጋረጃዬንና ፉሴይኒን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ጉዳዩን የምትሰማው ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ ተከራይህ ናት ወይስ አይደለችም ብላ ጠየቀችው። መካሪ ሳይኖረው አልቀረም፤ አውቃታለሁ ካልክ ተከራይነቷን አመንክ ማለት ነው ብለውታል መሰለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደኝ።

«እመቤቴ፣ ሴትዮዋን አላውቃትም» አለ። «አጎቴ በደግነቱ ያስጠጋት ናት። እኔ ከደጃፏ ቆሜ አላውቅም፣ እጇንም ጨብጬ አላውቅም።»

ወረቀት የለኝም፣ ሽማግሌው የሉም፣ ምን ብዬ ላስረዳ? ፉሴይኒ ይመስክርልኝ ብል እሱም እንደኔ ተከራይ ነው፤ ተመካክረው ነው ይባላል። አፌን ልከፍት ስል ማሜ ሴሪዋ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ያው፣ ምን እያልክ ነው?» አሉ። «በዚህ ጉልበቴ አስነሥተኸኝ ከደጃፏ ቆመን አላመሰገንናትም? በወንድሜ ልቅሶ ዳቦዋን በልተን ሳናመሰግን ቀረን ልትለኝ ነው?»

«እማዬ፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ተይው» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ምን ሌላ ጉዳይ አለ? ነገ ሰው ይሄን ቢሰማ ማን ልቅሷችንን ይደርሳል?»

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ ስታመሰግኗት ምናችን ናት ብላችሁ ነው?» ብላ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«ተከራያችን ናት እንጂ ምናችን ትሆናለች?» አሉ ማሜ ሴሪዋ በጥያቄው ተቆጥተው። «በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ከተከራይዋ ከዳቦ ጋጋሪዋ፣ ለአዲሱ የቤት ጌታ ለያው አዳይ ተብሏል። እሱም ብድግ ብሎ እጅ ነሥቷል።»

ያው ጫማውን ያያል። አላመሰገንኳትም ቢል ክርክሩ ይቀናዋል፣ ግን እናቱን ውሸታም ማለቱ ነው፣ የአጎቱንም ልቅሶ ማዋረዱ ነው። አመስግኛታለሁ ካለ ደግሞ ነገሩ አበቃለት። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ቀና አለና በቀጭን ድምፅ «አመስግነናታል» አለ። እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ ያን ያህል አቃጥሎኝ በዚያች ሰዓት ወደድኩት። ለሱቅ ሲል ዋሽቶ ነበር፤ በእናቱ ፊት ግን ውሸቱ አልወጣለት አለ።

ሴትዮዋም ባለቤት በሞተ ቁጥር ተከራይ እንደማይወጣ፣ ወራሹ ቤቱን ከነሰዉ እንደሚረከብ አስረዳችው። ቦታውን የምር ከፈለገው በደንቡ አስጠንቅቆ፣ ምክንያቱን ይዞ መጥቶ መጠየቅ ይችላል። በር መንቀል ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ የነቀለው ራሱ መልሶ ይግጠመው አለች። ከቢሮው ስንወጣ ማሜ ሴሪዋ «አሁን ማን ነው የረታው?» ብለው ጠየቁን። ፉሴይኒ ሳሉን ሳለ፣ እኔም ሰማይ ሰማይ አየሁ። በመጨረሻ ልጃቸው «አንቺ ነሽ» አላቸውና ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ያው በሩን በጋሪ እየገፋ መጣ። ለካ ሱቁ ውስጥ እንደ ጠረጴዛ አድርጎ የሞተር ዕቃ ሲደረድርበት ነበር፤ ግሪሱ በላዩ ላይ ክብ ክብ ሠርቷል፣ እንጨቱም ጠሟል። ፉሴይኒ ከዚያኛው በኩል ይዞለት ሲያስተካክሉ ዋሉ። ያው ሲቸኩል ምስማሩን ስቶ ጣቱን መታ። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ ትኩስ ዳቦም ሰጠሁት፣ ሲበላ ችኮላው እየበረደ መጣ። ስንነጋገር ደግሞ ነገሩ ያን ያህል የሚያጣላ ሆኖ አልተገኘም። የመንገዱን ጎን የያዘው ምድጃዬ ሳይሆን የማገዶ ክምሬ ነው። ማገዶውን ወደ ኋላ አዞርኩለት፤ እሱ እዚያ ላይ አንድ ሱቅ ይሠራል፣ ምድጃው ባለበት ይቆማል። ቃሌ ነው ሲለኝ፣ ቃልህን አከብራለሁ ግን በወረቀት ይሁን አልኩት። ስቆ ፈረመ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። የእናታችንን ክፍል ለእኔ ብለሽ ኖራ ቀብተሽ፣ ምንጣፍ ዘርግተሽ እንደምትጠብቂኝ ሾፌሩ ነገረኝ። አንቺ በደብዳቤሽ አላነሣሽውም፣ እንዳላፍር ብለሽ ነው፤ አውቄብሻለሁ። በዚያ ቢሮ ቀና ብዬ የተቀመጥሁት ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ብሸነፍ የት እንደምገባ ስለማውቅ ነው። አሁን ግን ክፍሉን ባዶ አታስቀምጪው። ለትምህርት ቤታችሁ የመጣችው አዲሷ አስተማሪ ማደሪያ አጥታለች አሉ፤ ለእሷ አከራዪው። ስትገባ እጇን ጨብጪና ሰው በሰማበት ተከራዬ ነሽ በያት። እኔ ለገና የምመጣው እንግዳ ሆኜ ነው፤ አንቺ ጎን እተኛለሁ።

ጋሼ ሴንዮን ዓይንህ እስኪድን የመረቡን መርፌ ለሌላ ስጥ ብላሃለች በይልኝ። የልጆቹን፣ የኤዶምንና የማውሊን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ስኳር ዳቦ በሾፌሩ ልኬያለሁ፣ መንገድ ላይ ካልበላው ይደርሳቸዋል። ለአክስታችን ለዶቪ፣ ጆሮዋ ላይ ጮክ ብለሽ ዴላሊ ደህና ናት በያት። ኤዲናም ሁላችሁንም እጅ ትነሣለች፤ አሁን በሩን ከውስጥ ቆልፋ አላስገባሽም እያለችኝ ስለሆነ ደብዳቤውን የምጨርሰው ደጅ ቆሜ ነው።

አንቺን የምትወድ ታናሽ እህትሽ፣
ዴላሊ

ኩማሲ፣ ኅዳር ወር መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. 1994