ሊሳ ብቻዋን ስትቀር

ኦክቶበር 3
ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ከሥራ ገባሁ። ሊፍቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የአራተኛ ፎቋ ውሻ ቀኑን ሙሉ ታላዝናለች። እሑድ ደረጃው ላይ ስብሰባ። አጀንዳ፦ ውሻዋ ከሕንፃው ትውጣ። አስተዳዳሪው ስታሜን።» ሁሉም አንብቦታል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ የስታሜንን በር አንኳኳሁ።

«ጋሽ ስታሜን፣ መጀመሪያ ለእኔ አይነገርም?»

«ዝላቲና፣ ያን ሁሉ ተምረሽ ውሻ መቅጣት አቃተሽ? አቅብጠሻት እኮ ነው። እልኸኛ ናት!»

እልኸኛ? ውሻዬ ሊሳ?

ኦክቶበር 4
አሮጌውን ስልክ መደርደሪያ ላይ አቁሜ፣ እየቀዳ ትቼው ወጣሁ። ስመለስ አየሁት። ገና ቁልፍ ሳነሳ ከንፈሯን ትልሳለች። በሩ ሲዘጋ መቧጨር፣ ማላዘን... ወለሉ በለሃጯ ርሷል። ይሄ እልህ አይደለም። ፍርሃት ነው። እስካለፈው ወር ቤት ሆኜ ነበር የምሠራው። ብቻዋን መሆንን ማን አስተማራት? እኔም አላስተማርኳት።

ኦክቶበር 5
ቀሪውን አየሁ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ዝም ብላ ተኛች። ከዚያ... ኳ! ኳ! ኳ! ከላይ፣ በየፎቁ የሚያልፈው የቤት ማሞቂያ ቧንቧ! በከተማችን በፕሎቭዲቭ ጎረቤት ሲረብሽ ቧንቧውን በማንኪያ መምታት የቆየ ወግ ነው። ሊሳ ዘላ ተነሳች፤ እንደገና ለቅሶ። ቆጠርኩ። በአንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ።

ኦክቶበር 8፣ እሑድ
ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ። «ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ይሄን ስሙ» ብዬ ስልኩን ከፈትኩ። ዝምታ። ኳ ኳ ኳ። ለቅሶ።

የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ፔንካ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ስታሜን! አንተ ማንኪያህን ፈልገህ እስክታገኝ እኮ ምስኪኗ ተኝታለች!»

«እኔማ... ዝም እንድትል ብዬ ነው።»

«መጀመሪያ አንተ ዝም በላ!»

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ «ትቆይ» አሉ። ወረቀቱን የገነጠልኩት ራሴ ነኝ።

ኦክቶበር 17
ቁልፍ አንስቼ መልሼ እቀመጣለሁ። ሃያ ጊዜ። ከዚያ በር ዘግቼ አምስት ሰከንድ። ከዚያ ሠላሳ። ሳትፈራ እመለሳለሁ። ሥራ ስሄድ እትዬ ፔንካ ጋ ትውላለች። «አክስት አደረገችኝ» ይላሉ።

ኖቬምበር 2
አራት ደቂቃ! ትናንት ግን ሁለቱም አቅቷት ነበር... ይሁን።

ዲሴምበር 9
ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻዋን። ቪዲዮው ላይ ምንም የለም። በጎኗ ተኝታ አንዴ አዛጋች። እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም!

ሊፍት ውስጥ ስታሜን፦ «አየሽ፣ ትንሽ ቆንጠጥ ስታደርጊያት!»

«አልቆነጠጥኳትም፣ አስተማርኳት። ፈርታ ነበር። እርስዎ ደግሞ ይብሱን ያስፈራሯት ነበር።»

ድሮ ቢሆን ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። ከእንግዲህ አላልፍም። ማንም ሳይጠይቀኝ እንዲፈርድብኝ፣ የፈራን እልኸኛ ብሎ እንዲቀጣ አልቀበልም። በሊሳም፣ በእኔም።